የማላይኛን ቃል በቀለም ቀለሙ ማንበብ፦ ለአማርኛ ተናጋሪ የተዘጋጀ መመሪያ

ማላይኛ ለጀማሪ ቀላል ነው ይባላል። ግሱ በጊዜና በባለቤት አይረባም፣ ወንድና ሴት ብሎ አይለይም፣ የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ስለሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ማንበብ የቻልን ይመስለናል። ችግሩ የሚመጣው ያነበብነውን የአገሬው ሰው ሲሰማን ነው። እኔ ስጀምር ብዙ ቃላት ሸምድጄ ነበር። ግን የማይጠብቀውን አጠብቃለሁ፣ የቃሉን መጨረሻ እውጣለሁ፣ የሌለ አናባቢም በመሀል አስገባለሁ። የሚያዳምጠኝ ሰው ፊቱን አጥቁሮ «እንዴት አልክ?» ይለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማላይኛ ልማር ለሚለኝ ሁሉ የምነግረው አንድ ነገር ነው፦ ቃላት ከመሰብሰብዎ በፊት ቃል እንዴት እንደሚሠራ ጆሮዎ ይወቀው። ለዚህ ደግሞ የእኛው ፊደል ከላቲኑ የተሻለ መሣሪያ ነው። ለምን እንደሆነ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያዩታል።

መመሪያው ወደ ማሌዥያ ለትምህርት ለሚሄድ ሰው ይሆናል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከኢንዶኔዥያ ሴቶች ጋር በአንድ ቤት ለሚሠሩ እህቶችም ይሆናል፤ ኢንዶኔዥያኛ ከዚያው ከማላይኛ የወጣ ነውና። የምከተለው የማሌዥያውን አነጋገር ነው፤ ሁለቱ የሚለያዩበት ቦታ ሲደርስ እጠቁማለሁ። የሚያስፈልግዎ ደብተር፣ እርሳስና ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ከሰባቱ ድምፆች ሳድስን ያውጡ

ማላይኛ ስድስት አናባቢዎች አሉት። ከእኛ ሰባት ቤቶች ጋር ያስተያዩዋቸው፦ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ሁሉም አሉ። የጎደለው ሳድስ ብቻ ነው። ስለዚህ የማላይኛን ቃል በእኛ ፊደል ሲጽፉ ሳድስ ሆሄ የሚያገለግለው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አናባቢ የሌለውን ተነባቢ ለማሳየት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሳድስ ባዩ ቁጥር ከኋላው ምንም አናባቢ አያስከትሉ።

ይህ ቀላል ይመስላል፤ ምላሳችን ግን ሳድስን ሳይጠሩት ያመጣዋል። «ተርባጝ» (መብረር) የሚለውን ቃል ያንብቡ። በ«ር» እና በ«ባ» መካከል ትንሽ «እ» ሾልኮ ከገባ ቃሉ ሦስት ቀለም ሆነ ማለት ነው። ሁለት ብቻ መሆን አለበት፦ ተር–ባጝ። (የ«ጝ»ን ነገር በደረጃ 5 እመለስበታለሁ።)

ኃምስንና ሳብዕን ሲያነቡ ደግሞ ጥራታቸውን ይጠብቁ። እኛ «ቤት» ስንል ብዙዎቻችን ከ«ኤ» በፊት ቀጭን «ይ» እናስቀድማለን፤ «ጎ» ስንልም ከንፈራችን ወደ «ው» ይሸሻል። በማላይኛ ሁለቱም ቀጥ ብለው ይነገራሉ።

ደረጃ 2፦ ቃሉን በቀለም ይቁረጡ

ስንኝ ስንቆጥር «ቀለም» የምንለውን ያስታውሱ፤ አንድ አናባቢ ያለበት የቃል ቁራጭ ነው። የማላይኛ ነባር ቃል ቀለሞች አራት ዓይነት ብቻ ናቸው፦ አናባቢ ብቻውን፣ አናባቢና ተነባቢ፣ ተነባቢና አናባቢ፣ ተነባቢ–አናባቢ–ተነባቢ። አብዛኛው ሥረ ቃል ሁለት ቀለም አለው። በእርሳስ እየቆረጡ ያንብቡ፦

ኢ–ካን (ዓሣ)
ሩ–ማህ (ቤት)
ፒን–ቱ (በር)
ኧም–ፓት (አራት)
ጃ–ላን (መንገድ)

በቃሉ መሀል ሁለት ተነባቢዎች ሲገናኙ አንደኛው የቀደመውን ቀለም ይዘጋል፣ ሁለተኛው የሚቀጥለውን ይከፍታል። የሚገናኙት ተነባቢዎችም እንደልባቸው አይደሉም፤ በነባሮቹ ቃላት ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው የአፍንጫ ድምፅ ነው፣ ቀጣዩም በዚያው የአፍ ክፍል የሚፈጠር ድምፅ ነው። «ም» ከ«ፕ» እና ከ«ብ» ጋር፣ «ን» ከ«ት» እና ከ«ድ» ጋር ይሄዳል። ሌላው የተለመደ ጥምረት «ር» የሚቀድምበት ነው፤ «ከርጃ» (ሥራ)፣ «ፐርጊ» (ሂድ) እንደሚሉት።

ሁለት አናባቢዎች ጎን ለጎን ሲመጡ ይጠንቀቁ። «አ–ኢር» (ውኃ)፣ «ካ–ኢን» (ጨርቅ)፣ «ላ–ኡት» (ባሕር) እያንዳንዳቸው ሁለት ቀለም ናቸው። በቃል መጨረሻ ሲመጡ ግን ይዋሃዳሉ፦ «ሱጛይ» (ወንዝ)፣ «ፑላው» (ደሴት)። «ኢ» ወይም «ኡ» ቀድሞ ሌላ አናባቢ ሲከተለው በመካከል ለስላሳ «ይ» ወይም «ው» ይሰማል፤ ሁለት የሚለው ቁጥር «ዱ–ዋ» የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ቁጥሮቹን ከአንድ እስከ አሥር ጮክ ብለው ይበሉ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም ጠረጴዛውን መታ ያድርጉ፦ ሳቱ፣ ዱዋ፣ ቲጋ፣ ኧምፓት፣ ሊማ፣ ኧናም፣ ቱጁህ፣ ላፓን፣ ሰምቢላን፣ ሰፑሉህ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሦስት ሦስት ምት፣ የቀሩት ሁለት ሁለት ምት ናቸው።

ደረጃ 3፦ ሁለቱን «ኢ» ፊደሎች ይለዩ

እዚህ ላይ ጊዜ ይስጡ፤ ከመመሪያው ሁሉ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ይህ ነው። በላቲኑ አጻጻፍ ግዕዙም («በ») ኃምሱም («ቤ») የሚጻፉት «ኢ» (e) በምትባለው በአንዷ ፊደል ነው። ማሌዥያ ቀደም ሲል ግዕዙን ከላይ በምልክት ትለየው ነበር። ከኢንዶኔዥያ ጋር በ1972 እ.ኤ.አ. አጻጻፉን አንድ ስታደርግ ግን ምልክቱ ቀረ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሆኖ የተጻፈው ቃል «ፐራጝ» ከተባለ ጦርነት፣ «ፔራጝ» ከተባለ ቡናማ ነው። ፊደሉ አይነግርዎትም። ይህ ሊያስገርመን አይገባም፤ የእኛም ፊደል ጥብቀትን አይጽፍም፣ «አለ» የሚለውን ቃል ተናገረ ወይም ይኖራል ብለን የምናነበው ከዐውዱ ተነሥተን ነው።

የማያውቁት ቃል ሲገጥምዎ እንዲህ ይገምቱ።

መጀመሪያ የመጨረሻውን ቀለም ይመልከቱ። ፊደሏ በመጨረሻው ቀለም ላይ ካለች ኃምስ ናት፦ «ቦሌህ» (ይቻላል)፣ «ጎሬጝ» (መጥበስ)። ነባር የማላይኛ ቃል በመጨረሻው ቀለም ላይ ግዕዝ አይጽፍም።

ፊደሏ ቀደም ባለው ቀለም ላይ ካለችና የመጨረሻው አናባቢ ኃምስ ወይም ሳብዕ ከሆነ፣ እሷም አብዛኛውን ጊዜ ኃምስ ትሆናለች፦ «ፔንዴክ» (አጭር)፣ «ሌሄር» (አንገት)፣ «ኤሎክ» (መልካም)። የመጨረሻው አናባቢ ራብዕ፣ ሣልስ ወይም ካዕብ ከሆነ ግን ግዕዝ ብለው ይጀምሩ፦ «በሳር» (ትልቅ)፣ «ከቺል» (ትንሽ)፣ «በሊ» (መግዛት)፣ «በቱል» (ትክክል)።

በቃሉ ፊት የሚቀጠሉት «መ»፣ «በር»፣ «ተር»፣ «ከ»፣ «ሰ» እና «ፐ» ምን ጊዜም ግዕዝ ናቸው፤ ከኋላቸው ማንም ይምጣ።

ግምቱ የማይሠራባቸውን ቃላት በቃል መያዝ ይገባል። ከዕለታዊዎቹ «ሜራህ» (ቀይ) እና «ሜጃ» (ጠረጴዛ) ቀድመው ይያዙ። ጠረጴዛው ከፖርቱጋልኛ የመጣ ነው። ሲጠራጠሩ በ1956 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የማሌዥያ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተቋም፣ ደዋን ባሃሳ ዳን ፑስታካ፣ በኢንተርኔት ላይ ያኖረውን መዝገበ ቃላት ይክፈቱ፤ ኃምሱን በምልክት ይለየዋል። ዐረብኛ ፊደል የሚያነቡ ደግሞ ሌላ ረዳት አላቸው። ማላይኛ በላቲን ከመጻፉ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ጃዊ በሚባለው የዐረብኛ ፊደል ይጻፍ ነበር፣ ዛሬም አልጠፋም። በጃዊ ኃምሱ በ«ያ» ፊደል ይጻፋል፣ ግዕዙ ሳይጻፍ ይዘለላል።

ደረጃ 4፦ አያጥብቁ፣ አያፈንዱ

በማላይኛ ጥብቀት የቃል ትርጉም አይለውጥም። ሁሉም ተነባቢ ይላላል። እኛ ደግሞ ማጥበቅ ልማዳችን ነው፤ «ከቺል»ን «ች»ዋን አጥብቀን፣ «በሳር»ን «ሳ»ዋን አጥብቀን ማለት ይቀናናል። ራስዎን ይቅዱና ያዳምጡ። በደብተርዎ ከቃሉ ጎን «ላላ» ብለው ይጻፉ፤ እኔ ለወራት እንዲህ አድርጌያለሁ። (በሰሜን ምሥራቅ ማሌዥያ በከላንታንና በደቡብ ታይላንድ በፓታኒ የሚነገረው ማላይኛ ግን የቃሉን የመጀመሪያ ተነባቢ ያጠብቃል፤ መንገድ የሚለው ቃል «ጃ»ዋ ስትጠብቅ መራመድ ይሆናል። የአማርኛ ጆሮ ይህን ወዲያው ይሰማዋል። ለጀማሪ ግን መደበኛው ይበቃል።)

«ፕ»፣ «ት» እና «ክ» በማላይኛ ያለ ትንፋሽ ነው የሚነገሩት። መዳፍዎን ከአፍዎ ፊት ያድርጉና «ፒንቱ» ይበሉ፤ ትንፋሽ መዳፍዎን መምታት የለበትም። ትንፋሹን ለመቀነስ ሲሉ ግን ወደ «ጵ»፣ «ጥ» እና «ቅ» አይሻገሩ። እነዚህ ፈንጂ ድምፆች በማላይኛ የሉም።

ደረጃ 5፦ «ጝ»ን ይለማመዱ

በላቲን «ኤን» እና «ጂ» ተጣምረው የሚጻፉት አንድ ድምፅ ናቸው። አማርኛ ለዚህ ድምፅ ሆሄ የለውም፤ አገውኛንና ብሊንን ለመጻፍ ግን «ጘ» ተሠርታለች፣ እዚህም የምጠቀመው በእሷ ነው። ድምፁ እንግዳ አይደለም። «እንግዳ» በሚለው ቃላችን ውስጥ «ግ» ከመምጣቷ በፊት ያለችው «ን» በትክክል ራሷ ናት፤ ምላስ ከኋላ ላንቃ ላይ ተጣብቆ ድምፁ በአፍንጫ ይወጣል።

እንዲህ ያድርጉ፦ «እንግዳ» ማለት ይጀምሩና «ግ» ሊወጣ ሲል ምላስዎን ሳያላቅቁ ያቁሙ፣ ድምፁን በአፍንጫዎ ያራዝሙ። ከዚያ «ግ» ሳትሰማ በቀጥታ ወደ «ኣ» ይለፉ። የሚሰማው «ጛ» ነው። ቀጥለው «ቡጛ» (አበባ)፣ «ታጛን» (እጅ)፣ «ኩቺጝ» (ድመት) ይበሉ።

«ጂ» ሁለት ጊዜ ስትጻፍ ግን «ግ» እውነትም ትሰማለች፦ «ማጝጋ» (ማንጎ)፣ «ሚጝጉ» (ሳምንት)፣ «ቱጝጉ» (መጠበቅ)። «ቡጛ»ን «ቡንጋ» ብሎ ማለት ከእኛ ሰዎች የሚሰማ ዋነኛው ስሕተት ነው። ይህን ካስተካከሉ አነጋገርዎ በአንድ ጊዜ ይለወጣል።

በሌሎቹ እድለኞች ነን። «ኝ» አለችን፤ «ኛሙክ» (ቢምቢ) ለእኛ ችግር አይደለም። በላቲን «ሲ» ተብላ የምትጻፈው «ች» ናት፤ «ቹቺ» (ማጠብ) ሲጻፍ አይደናገሩ።

ደረጃ 6፦ የቃሉን መጨረሻ ይጨርሱ

«ማሳ» በአማርኛ እርሻ ነው፤ በማላይኛ ጊዜ ነው። መጨረሻው ሲለወጥ ትርጉሙ ምን እንደሚሆን ይመልከቱ፦

ማሳ፦ ጊዜ
ማሳክ፦ ማብሰል፣ የበሰለ
ማሳም፦ ጎምዛዛ
ማሲን፦ ጨዋማ
ማሲህ፦ ገና፣ አሁንም
ማሱክ፦ መግባት

ከእነዚህ ሁለቱ በ«ክ» ያልቃሉ። በቃል መጨረሻ ያለችው «ክ» ግን እንደ «ክ» አትነገርም። ድምፁ ጉሮሮ ላይ በድንገት ይቆረጣል፤ ዐረብኛ የሚያውቁ ሐምዛ የሚሉት ነው። ከአሁን በኋላ በ«ዕ» እጽፋታለሁ፦ «ማሳዕ»፣ «አናዕ» (ልጅ)፣ «ቲዳዕ» (አይደለም)። «ዕ» ስል «እ» ብለው ያንብቡ ማለቴ አይደለም፤ አየሩን ይዝጉና እዚያው ያቁሙ። «ማሳ» እና «ማሳዕ» የሚለዩት አንደኛው ተዘርግቶ፣ ሌላኛው ተቆርጦ ስለሚያልቅ ብቻ ነው።

«ፕ» እና «ት»ም በመጨረሻ ሲመጡ አይለቀቁም። «ሳኪት» (ሕመም) ሲሉ ምላስዎ ጥርስዎ ሥር ይድረስና እዚያው ይቅር። «ሰዳፕ» (ጣፋጭ) ሲሉ ከንፈርዎ ይገጠምና አይከፈት።

«ህ»ን አይዋጡ። «ሙዳ» ወጣት ነው፣ «ሙዳህ» ቀላል ነው። «ዳራ» ልጃገረድ ናት፣ «ዳራህ» ደም ነው።

«ብ» እና «ድ» በመጨረሻ የሚገኙት በውሰት ቃላት ነው፣ ያም ሆኖ ይጠነክራሉ፤ ከዐረብኛ የመጣው «ሰባብ» (ምክንያት) «ሰባፕ»፣ «ማስጂድ» (መስጊድ) «ማስጂት» ሆኖ ይሰማል።

ደረጃ 7፦ የሚሰሙበትን አገር ይወቁ

በኳላ ሉምፑርና በደቡቡ በጆሆር፣ በክፍት ቀለም መጨረሻ ያለው ራብዕ ወደ ግዕዝ ይለወጣል። «ሳያ» (እኔ) የተጻፈው «ሳየ»፣ «አፓ» (ምን) የተጻፈው «አፐ» ይባላል። በኬዳህ፣ በሳባህ፣ በሳራዋክና በኢንዶኔዥያ ግን ራብዕ ራብዕ ሆኖ ይቀራል። ማሌዥያ ከ1988 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ በትምህርት ቤትና በዜና ማሰራጫ ቃሉ እንደ አጻጻፉ እንዲነበብ አድርጋ ነበር፤ አልዘለቀም። ስለዚህ ሁለቱንም ይሰማሉ፣ ሁለቱም ይገባል። የእኔ ምክር በምትኖሩበት ከተማ ሰው እንደሚለው ማለት ነው።

በዚያው በማሌዥያው አነጋገር፣ የተዘጋ የመጨረሻ ቀለም ላይ ሣልስ ወደ ኃምስ፣ ካዕብ ወደ ሳብዕ ዝቅ ይላል። መንደር «ካምፑጝ» ተብሎ ተጽፎ «ካምፖጝ» ይባላል። እስከ 1972 ድረስ አጻጻፉም እንዲያ ነበር፤ በሲንጋፖር ካምፖጝ ግላም የሚባለው ሰፈር አሮጌውን አጻጻፍ እስከ ዛሬ ይዟል። መጨረሻ ላይ ያለችው «ር»ም በደቡቡ አነጋገር ትጠፋለች። ሉምፑር ማለት ጭቃ ነው፣ ኩዋላ ደግሞ ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ፤ የዋና ከተማዋን ስም የአገሬው ሰው «ኩዋለ ሉምፖ» ቢልዎት እንግዲህ ሦስቱም ሕጎች ሠርተዋል።

ደረጃ 8፦ ከተቀጠለው ቃል ሥሩን ያውጡ

መዝገበ ቃላቱ የሚደረደረው በሥረ ቃል ነው። «መኑሊስ»ን በ«መ» ሥር ቢፈልጉ ላያገኙት ይችላሉ፤ ሥሩ «ቱሊስ» (ጻፍ) ነው። ግስ የሚያደርገው «መ» ከኋላው የአፍንጫ ድምፅ ይዞ ይመጣል፣ ያ ድምፅ ደግሞ ከሥሩ የመጀመሪያ ተነባቢ ጋር አፍ ውስጥ ቦታውን ያስማማል።

ሥሩ በ«ብ»፣ «ድ»፣ «ጅ»፣ «ግ» ወይም «ች» ከጀመረ ተነባቢው ይቀራል፦ ባቻ–መምባቻ (ማንበብ)፣ ደጛር–መንደጛር (መስማት)፣ ጁዋል–መንጁዋል (መሸጥ)፣ ጎሬጝ–መጝጎሬጝ (መጥበስ)፣ ቹቺ–መንቹቺ (ማጠብ)።

በ«ፕ»፣ «ት»፣ «ስ» ወይም «ክ» ከጀመረ ተነባቢው ይወድቅና የአፍንጫው ድምፅ ይተካዋል፦ ፑኩል–መሙኩል (መምታት)፣ ቱሊስ–መኑሊስ (መጻፍ)፣ ሳፑ–መኛፑ (መጥረግ)፣ ኪራ–መጚራ (መቁጠር)።

በአናባቢ ከጀመረ «ጘ» ትገባለች፦ አምቢል–መጛምቢል (መውሰድ)። በ«ል»፣ «ር»፣ «ም» ወይም «ን» ከጀመረ ምንም አይጨመርም፦ ሊሃት–መሊሃት (ማየት)።

አንድ ቀለም ብቻ ያለው ሥር በሚመጣበት ጊዜ ቋንቋው ሁለት ቀለም እንደሚወድ ይታያል፤ ቀለም መቀባት «ቻት» ነው፣ ሲቀጠልም «መጘቻት» ይሆናል። «ጘ» ገብታ ባዶውን ሞላችው።

አንዳንዴ ሁለት ሥሮች አንድ ላይ ይወጣሉ። «መጙኩር» ከ«ኡኩር» ከሆነ መለካት፣ ከ«ኩኩር» ከሆነ ኮኮናት መፈቅፈቅ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ነዎት ወይስ ልብስ ሰፊ ዘንድ? ከዚያ ይወስናሉ።

ስለ ድግግሞሽ ብዙ አልልም፤ እኛም «ትልልቅ»፣ «ሰባበረ» እንላለንና መንፈሱ ይገባናል። ማላይኛ የሚደግመው ግን ሙሉውን ቃል ነው፦ «አናዕ–አናዕ» (ልጆች)፣ «ጃላን–ጃላን» (መንሸራሸር)። ሁለተኛውን ቃል እንደ አዲስ ቃል ሙሉውን ያንብቡ።

የውሰት ቃላትን በዚሁ ዓይን ይዩ። ክርታስ የምንለው ቃል በማላይኛ «ከርታስ» ነው፣ ወረቀት ማለት ነው፤ ሁለታችንም ከዐረብኛው ጋር እንጋራዋለን። የማይስማማ የተነባቢ ጥምር ሲገጥም እኛ ሳድስ እንደምናስገባ ማላይኛ ግዕዝ ያስገባል፦ ፊልም «ፊለም»፣ ክለብ «ከላፕ» ሆኗል። በመጨረሻ ቀለም ላይ ግዕዝ የተጻፈበት ቃል ካዩ እንግዳ ቃል መሆኑን ይጠርጥሩ።

ደረጃ 9፦ በአየር ማረፊያው ይፈተኑ

ከታች ያሉት በማሌዥያ በየቦታው የሚለጠፉ ጽሑፎች ናቸው። እንደ አጻጻፋቸው አስቀምጫቸዋለሁ። ቀለማቸውን ይቁረጡ፣ የመጨረሻውን «ክ» ወደ «ዕ» ይለውጡ፣ የሚወርደውን አናባቢ ያውርዱ፣ ከዚያ ራስዎን ይቅዱ፦

ሰላማት ዳታጝ፦ እንኳን ደህና መጡ
ከቲባአን፦ መድረሻ
በርለፓስ፦ መነሻ
ከሉዋር፦ መውጫ
ታንዳስ፦ መጸዳጃ
ቶላክ፦ ይግፉ
ታሪክ፦ ይሳቡ
ዲላራጝ ማሱክ፦ መግባት ክልክል ነው

«ከቲባአን» አራት ቀለም ነው፤ ሁለቱን ራብዕ አንድ ረጅም ድምፅ ካደረጓቸው እንደገና ይበሉት። «ታሪክ» በእኛ ቋንቋ ስለሚታወቅ ያሳስታል፤ እዚያ ግን «ታሬዕ» ነው። ሻይ ቤት ገብተው ከፍ ካለ ዕቃ ወደ ዝቅተኛ እየተሳበ የሚቀዳውን የወተት ሻይ ሲያዙም «ቴህ ታሬዕ» ይበሉ። የመጨረሻው ጽሑፍ «ዲላራጝ ማሶዕ» ነው፤ «ጝ»ዋ ያለ «ግ»፣ «ማሶዕ» ጉሮሮ ላይ ተቆርጦ። ሻዩ ሲመጣ «ተሪማ ካሴህ» ይበሉ፤ «ህ»ዋ ትሰማ።